ከድር ሥነ ሥርዓት እጁን ያወጣ ዕለት

የሕዝብ እንደራሴዎች ስለ ሥራ አጥነት ሲከራከሩ ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አዳማ ውስጥ ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። «አባዬ ኳስ የሚያይ ነው የሚመስለው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንዱ ተናጋሪ ደህና ነገር ሲናገር ጭኔን እመታለሁ፣ ሌላው ሲያንዛዛ ደግሞ «ወደ ነገሩ ግባ እንጂ!» ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ እጮኻለሁ። ምን ላድርግ፣ ሥራ የሚባለውን ነገር ሰው አንስቶ ሲከራከርበት ስሰማ ልቤ ወደ ወጣትነቴ ይሸፍትብኛል። እኔም በጊዜዬ የፓርላማ አባል ነበርኩ። ወንበሩ የግንብ ድንጋይ፣ ጣሪያው የኒም ዛፍ፣ ደመወዙም ባዶ ቢሆን ፓርላማ ፓርላማ ነው።

ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ ክርክር ሊተላለፍ ሲል ሰፈራችን መብራት ጠፋ። እኔም ባርኔጣዬን ደፍቼ ዋናው መንገድ ዳር ጀነሬተር ካለው ጭማቂ ቤት ገባሁና ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ፓፓያና አቮካዶ ስፕሪስ አዘዝኩ። ዋጋውን አልናገርም፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ይሸጥበት በነበረ ከተማ ያደገ ሰው የዛሬን ዋጋ አፉን ሞልቶ ሲናገር ያስቀዋል። ጎኔ የተቀመጡት ወጣቶች ጨዋታ ሊያዩ ነበር የመጡት። አንደኛው፣ ጸጉሩን ከጎንና ከጎን የተላጨው፣ «ፋዘር፣ ቻናሉን ብንቀይረው ቅር ይልዎታል?» አለኝ። «ትንሽ ታገሡኝ ልጆቼ፣ የሚያወሩት ስለ እናንተ ነው» አልኩት። ሳቁ፤ ግን ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ተዉልኝ።

ክርክሩ ሞቅ ያለ ነበር። አንዲት የተከበሩ አባል ተነሥተው፣ ሥራ ተፈጠረለት ብለን ሪፖርት ያደረግንለት ወጣት ዓመቱ ሲዞር ሥራው ላይ መኖሩን ማነው ያየው ብለው ጠየቁ። ጭኔን መታሁ። ሌላው ተነሡና ብድር ያለ መሥሪያ ቦታ ምን ያደርጋል አሉ። ሦስተኛው ደግሞ ወጣቱ ሥራ እንደሚመርጥ፣ የተገኘውን እንደሚንቅ በሰፊው አብራሩ። ይሄኔ ያ ጎኔ ያለው ልጅ ገለባውን ከአፉ አውጥቶ «እስቲ መጀመሪያ ይስጡንና እንምረጥ!» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ኋላ የስብሰባው መሪ ጊዜ እያለቀ ነው፣ ወደ ድምፅ አሰጣጥ እንሂድ ሲሉ አንድ አባል ከወደ ኋላ እጃቸውን እንዳወጡ ነበሩ። ከጀርባዬ፣ ከጥጉ ጠረጴዛ፣ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ! ሰውየው እጁን እንዳወጣ ነው እኮ!»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ያን ድምፅ ስሰማ ስንት መንግሥት ሄዶ ስንት እንደመጣ ረስቼ ግንቡ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት፤ አሁንም አፌን ያዳልጠዋል። ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ አንድ የተዘጋ መጋዘን ነበር፤ የመጋዘኑ አጥር ከወገብ የማይበልጥ የድንጋይ ግንብ ነው። ከላዩ የኒም ዛፍ ጥላውን ጥሎበታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ውጤት ያልመጣልን፣ ውጤት መጥቶልን ዕድል ያልመጣልን፣ ከየትም ከየትም የተሰባሰብን ልጆች ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ግንብ እንወርድ ነበር። ሰዉ «ድንጋይ አሟቂዎች» ይለናል። እኛ ግን ቤታችንን ፓርላማ ብለን ሰየምነው። ከፊታችን ጋሪዎች ብርቱካንና ቲማቲም ጭነው ሲያልፉ የፈረሶቹ ቃጭል ይሰማል፤ ከማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት በር ላይ ያስቀመጠው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሲያለቅስ ይውላል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ያ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ይዞ ይመጣና ሁላችንንም አንድ መልክ ያደርገናል። አለባበሳችንን ብታዩ ሥራ ፈላጊ አትሉንም። ታችኛው ጫፍ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ደረቱ የተከፈተ ሸሚዝ፣ አፍሮ ጸጉር፣ ከኋላ ኪስ ብቅ ያለች ሚዶ። ባቡሩ ሲያፏጭ ሰዓታችንን እናስተካክላለን፤ ሰዓት የነበረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሽመልስ።

ሽመልስ አፈ ጉባኤያችን ነበር። በዕድሜ ከፍ ይላል፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ባዶ የቲማቲም ጣሳ በድንጋይ እየመታ ያስከብረናል። ያኔ ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረምና ሁላችንም የስብሰባን ቋንቋ ከቀበሌ አዳራሽ ለምደን ነው የመጣነው። ከሁሉ በላይ የለመደው ከድር ነበር። ከድር የአርሲ ልጅ ነው፣ አባቱ ከገበያው ጀርባ ጨርቅ ይሸጣሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማያልፈው። ማንም ሊናገር ሲነሣ እጁ ሽቅብ ነው፤ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!» ይላል። ሻይ ሲቀዳ ሳይቀር ተራ ተዛባ ብሎ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንሥቶ ያውቃል። ስለዚህ ስሙ ከድር ሥነ ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ በአገሪቱ ሥራ ስለጠፋበት ምክንያት እናንተ ዛሬ በቴሌቪዥን የምትሰሙትን ሁሉ እኛ ያኔ ግንቡ ላይ ተከራክረን ጨርሰነዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፋብሪካ ይቅደም እርሻ፣ መንግሥት ይቅጠር ነጋዴ፣ የተማረ ይበዛል አይበዛም። ሰይፉ የሚባል ጓደኛችን ስለ መስኖ ሲናገር አዋሽን ከነአዞው ግንቡ ሥር ያደርሰዋል። ግን ወሬ ብቻ አልነበረም። ሕግ ነበረን። ሕጉም የመጣው ከአንድ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጋራዥ ረዳት እንደሚፈልግ ተሰማና ሁላችንም አንድ ላይ ግር ብለን ሄድን። ባለቤቱ ያን ሁሉ ጎረምሳ ከነአፍሮው ሲያይ አመፅ የተነሣ መስሎት በሩን ዘግቶ በጓሮ ወጣ፤ ረዳትም ሳይቀጥር ቀረ። ከዚያ በኋላ ሽመልስ ጣሳውን መትቶ ደነገገ፦ ሥራ የሰማ ሰው ወሬውን ወደ ግንቡ ያመጣል፣ ማን ይሂድ የሚለውን ፓርላማው ተከራክሮ በድምፅ ይወስናል፣ የተመረጠውን ሰው ደግሞ ሁላችንም እናለብሰዋለን። ሸሚዝ ከአንዱ፣ ቀበቶ ከሌላው፣ ጫማ ካለው። አንድ ሰው ከግንቡ ተነሥቶ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ የለበሰው የስንት ሰው ልብስ ነበር። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌላ ቦታ መኖሩን አልሰማሁም፤ የፈለገ ሥራ አጥ ልጅ ሊወስደው ይችላል፣ በነፃ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ሽመልስ ራሱ ወሬ ይዞ መጣ። ደራ ከተማ ያለ አንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ የሚቆም፣ መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ቋሚ ሥራ ነው። ቋሚ የሚለው ቃል ሲነገር ግንቡ ጸጥ አለ፤ ሙዚቃ ቤቱም ካሴት ሊቀይር ነው መሰለኝ በዚያው ቅጽበት ዝም አለ። ሁለት ሰው ታጨ፤ ሰይፉና እኔ።

ለእኔ ያ ሥራ ምን እንደነበረ ልናገር። እናቴ አራታችንን ያሳደገችን የሰው ልብስ አጥባ ነው። በዚያ ዓመት ግን ጣቶቿ ማበጥ ጀምረው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራቸው ነው የሚታጠፉላት። እህቴ አልማዝ ገና ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏ አንደኛ። እናቴ እኔ ሥራ ካላገኘሁ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ሰው ቤት ልታስገባት ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተስማምታለች። ሴትዮዋ በሳምንቱ መጨረሻ መጥታ ልትወስዳት ቀን ተቆርጧል። አልማዝም ይህን ታውቃለች፤ መጽሐፎቿን በየተራ እያነሣች ሽፋናቸውን ስትጠርግ አያታለሁ። ይህንን ሁሉ ተነሥቼ ለፓርላማው ተናገርኩ።

ክርክሩ ረዥም ሆነ። ሰይፉም የራሱ ችግር ነበረበት፣ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ነው ግንቡ ላይ የተቀመጠው። ከድር ደግሞ ሲቃወመኝ አረፈደ። «ታምራት ሚዛን ላይ ከቆመማ መጋዘኑ በወሩ ይከስራል፣ አሮጊት ባየ ቁጥር ጨምሮ ነው የሚመዝነው!» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በመጨረሻ ሽመልስ ጣሳውን መታ። «ታምራት ይሂድ የምትሉ!» አለ። እጆች ወጡ። ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ ፊቱን አጨማደደ። «አንድ ሰው ይጎድላል» አለ። መሬት መሬት አየሁ። ቀና ስል የከድር ረጅም እጅ ከሁሉም በላይ ቆሟል። «ሞላ! አለፈ!» አለ ሽመልስ፣ ጣሳውም እስኪጣመም ድረስ መታው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ ሽመልስ አንገት ላይ ተጠምጥሜ «አልማዝ አትወጣም፣ አልማዝ አትወጣም» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጓደኞቼ ወዲያው ያለብሱኝ ጀመር። ከድርም ተጎንብሶ ባለ ተረከዙን ቡናማ ጫማውን አወለቀና ሰጠኝ፤ የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጎ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየሁት።

በዚያ ጫማ ደራ ገባሁ፣ ተቀጠርኩም። አልማዝ ተማረች። እኔ በተቀጠርኩበት ሳምንት ግን ከድር ከግንቡ ጠፋ። ጫማውን ይዤ ብመለስ የለም፣ አባቱን ብጠይቅ ተቆጥተው ፊታቸውን አዞሩብኝ። አርሲ ነገሌ ነው ያለው የሚል ወሬ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔም ትዳር ያዝኩ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ሥራ ከሥራ ቀየርኩ፣ ጡረታ ወጥቼ ወደ አዳማ ተመለስኩ። ለልጆቼ ግን ሲከራከረኝ አርፍዶ በመጨረሻ እጁን ስላወጣልኝ ሰው ነግሬያቸው አልጠግብም።

እና አሁን ያ ሰው ከጭማቂ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮኻል። ጺሙ ነጭ ነው፣ ኮፍያው ነጭ፣ አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ቁመቱ ግን ያው ነው። ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«አካም ጂርታ፣ ከድር ሥነ ሥርዓት?»

በአንድ ዓይኑ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ይህን ስም የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ እንዴ?» አለ። ከዚያ «ታምሬ! ሚዛኑ!» ብሎ ተነሣና አቀፈኝ። ወጣቶቹ ሪሞቱን ወሰዱ፤ ኳሳቸው ጀመረ፣ ማንም ከልካይ አልነበረም።

ዓይኑን ሊታከም ነው ከነገሌ የመጣው። ልጁ መድኃኒት ልትገዛ ሄዳ እሷን እየጠበቀ ነው። የሞቱትን ቆጠርን፤ ከሽመልስ ጀመርን። ሰይፉ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ገብቶ ሰው እንደሆነ ነገርኩት፣ ደስ አለው። ቀጥሎ ይህን ሁሉ ዘመን አፌ ላይ የነበረውን ነገር አወጣሁት።

«ከድር፣ ያን ቀን እጅህን ባታወጣልኝ ኖሮ አልማዝ ሰው ቤት ገብታ ነበር። ዛሬ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ስንት ሕፃን አዋልዳለች መሰለህ። አንድ ቀን አግኝቼህ ሳላመሰግንህ እንዳልሞት ስጸልይ ነበር የኖርኩት። ጌታ ይባርክህ።»

ከድር ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አዞረ። ሳቀ፣ ሳቁን ደግሞ ተወው።

«ታምሬ፣ አንድ ነገር ብነግርህ ትቀየመኛለህ?»

«አንተን? እንዴት ብዬ?»

«ያን ቀን እጄን ያወጣሁት ድምፅ ልሰጥህ አልነበረም። ልናገር ነበር። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነበረኝ።»

አልገባኝም። ደግሞ ገባኝ። እኛ ግንቡ ላይ ለመናገርም ለመምረጥም የምናወጣው ያንኑ እጅ ነው፤ ሽመልስ ምን ያድርግ።

«ቆጠረኝ በቃ» አለ ከድር። «አንድ ይጎድላል ሲል ቶሎ ካልተናገርኩ ያልፈኛል ብዬ እጄን ሰቀልኩ። ሞላ ብሎ ጣሳውን መታ።»

«ምን ልትል ነበር?»

ዞር ብሎ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሥራው ለእኔ ይሁን ልል ነበር። ዘሃራን አታውቃትም። ተደብቀን ኒካ አስረን ነበር፤ አባቷም አባቴም የሚያውቁት ነገር የለም። ደራ አክስቷ ቤት ነው የነበረችው። ነፍሰ ጡር ሆና። ሥራው ደራ ነው ሲባል፣ ወላሂ፣ አላህ ለእኔ የላከው ነው ያልኩት። ግን ሚስት አለኝ ብዬ ግንቡ ላይ እንዴት ልናገር? ስፈራ ስቸር ክርክሩ አለቀ። በመጨረሻ ቆረጥኩና እጄን አወጣሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? በየማንኪያ ስኳሩ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ የምታነሣ ሰውዬ!»

«አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። አንተ ማልቀስ ጀመርክ። አልማዝ አትወጣም እያልክ። ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ምን ብዬ ልናገር? እጄ እንደተሰቀለ ቀረ። ሽመልስ ራሱ "አውርድ እንግዲህ ከድር፣ ታይቷል" አለኝ። አወረድኩት።»

«ጫማህንም ሰጠኸኝ።»

«ሕጉ ነዋ!» አለና ከልቡ ሳቀ።

ያኔውኑ ዘሃራን ይዞ ነገሌ ገባ። እህል ገበያው ውስጥ ጆንያ ተሸከመ። ኋላ የጭነት መኪና ረዳት፣ ቀጥሎ ሾፌር፣ ከዚያም የራሱ አይሱዙ ባለቤት ሆነ። ዘሃራ አሁንም አለች። «አልሃምዱሊላህ፣ አልከፋኝም» አለ። «ደራ ብገባ አባቷ ይደርስብኝ ነበር። አንተ ነህ ያተረፍከኝ።» ይህን የሚለው እኔን ለማጽናናት እንደሆነ ዓይኑ ይናገራል። እጁን ያዝኩት። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ጆንያ ሥር ሲገባ እኔ በእሱ ጫማ ደራ ላይ ስንጎራደድ ነበር። ልቤ ተነካ፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው ጓደኛዬ መሆኑ ኩራት ሆነኝ። አመሰግናለሁ ለማለት ብሞክር ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ።

ስልኩ ጮኸ። ከድር አየውና ፊቱ በራ። «ሀዊ ናት፣ መድኃኒት ልትገዛ የሄደችው። ያቺ ልጅ ናት፣ ያን ጊዜ በሆድ የነበረችው። ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት» አለኝ። ሊያነሣው ሲል ቆመና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ታምሬ፣ ልጆቼ ግን ድምፅ ሰጠሁት ብዬ የነገርኳቸውን ነው የሚያውቁት። እንዳታሳጣኝ።»

ስልኩን አንሥቶ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ስሜን ጠራ፣ ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ። የጎልማሳ ሴት ድምፅ ነው፣ ደስታ የሞላበት።

«ጋሼ ታምራት? እውነት እርስዎ ነዎት? አባባ በድምፁ ሥራ ያስያዘዎት? ልጅ ሆነን ሲያወራልን ፈጥሮ ነው የሚያወራው እንል ነበር እኮ! እውነት ነው እንዴ?»

ከድርን አየሁት። እሱ ኳሱን የሚያይ መስሎ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል።

«እውነት ነው ልጄ» አልኳት። «አባትሽ ነው እጁን ያወጣልኝ።»

ሌላም ልላት ነበር፤ ስልኩን ዝቅ አድርጌ የከድርን ትከሻ አቀፍኩ።

«ሃሎ? ጋሼ? ሃሎ?» አለች። «ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ አይሰማም። ቆይ እዚያው ጠብቁኝ፣ ደረስኩ።»